ከደሙ በፊት እውነቱን ይስጡ

ውድ አንባቢ፣ ቤተሰብዎን ይዘው ወደ ሰሜን ተራሮች ሄደው ከሆነ መንገዱን ያውቁታል። ከጎንደር ተነስተው አምባ ጊዮርጊስን ያልፋሉ። 75 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ ዳባት ይደርሳሉ፤ ወርደው ብርዱን በአንድ ሲኒ ቡና ያባርራሉ። ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ደባርቅ ትቀበልዎታለች። የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው እዚያ ነው፤ ጭላዳና ዋልያ ለማየት የሚወጣ ሰው ስካውቱን ይዞ የሚነሳውም ከዚያው ነው። ከደባርቅ ወዲያ መንገዱ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ቁልቁል ወደ ዛሪማና ወደ አዲ አርቃይ ቆላ ይወርዳል። ልጆች በመስኮት አጮልቀው በደስታ ይጮኻሉ፤ እናቶች ዓይናቸውን ይጨፍናሉ።

በዚህ ወር አምዳችን ግን የምናወራው ስለ ሽርሽር አይደለም። በዚህ አገር መንገድ ከተጓዥና ከእህል ሌላ፣ በቅዝቃዜ መያዣ ሣጥን የተቀመጠ ደምም ይጓዛል። ስለዚያ ደም እናውጋ።

እንበልና ከሊማሊሞ በታች ካለ መንደር አንዲት እናት በምጥ ተይዛ ወደ ደባርቅ መጣች። ልጁ በሰላም ተወለደ፤ የእናቲቱ ደም ግን አልቆም አለ። ሐኪሙ መድኃኒት ሰጠ፤ ማኅፀኗን አሸ፤ በመጨረሻም «ደም ያስፈልጋታል» አለ። በዚያች ሰዓት ባሏም፣ እናቷም፣ ሐኪሙም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ደም አለ ወይስ የለም? ሁለተኛው ጥያቄ የሚመጣው ዘግይቶ፣ ምናልባትም ከዓመታት በኋላ ነው፦ የገባላት ደም ንጹሕ ነበር ወይ?

ሁለቱንም ጥያቄዎች የሚመልሰው የሐኪሙ እጅ ብቻ አይደለም። መልሱ የሚጀምረው ከሳምንታት በፊት፣ ምናልባትም በሌላ ከተማ፣ እጁን ዘርግቶ ከተቀመጠው ለጋሽ አፍ ነው። ዛሬ ልነግርዎ የፈለግሁት ዋና ነገር ይኸው ነው፦ የላቦራቶሪ ምርመራው ብዙ ያያል፤ የማያየው ጊዜ ግን አለ። ያንን ክፍተት የሚሸፍነው የለጋሹ እውነተኛ ቃል ነው።

አንድ ከረጢት ደም የሚያልፍበት

በአገራችን የተደራጀ የደም አገልግሎት የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ነው። ከ40 ዓመታት በላይ ከዘለቀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ኃላፊነቱ ወደ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ተዛወረ፤ ብሔራዊ የደም ባንክ አገልግሎትም ተቋቋመ። በክልሎች ያሉት የደም ባንኮች ለዙሪያቸው ሆስፒታሎች ደም ይሰበስባሉ፣ ይመረምራሉ፣ ያከፋፍላሉ። በሰሜን ምዕራቡ የአገራችን ክፍል ይህን ሥራ ለረጅም ጊዜ የተሸከመችው ጎንደር ናት።

ደም ለመስጠት ሲሄዱ መርፌው የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ወረቀት ይሰጥዎታል። ዕድሜዎ ከ18 እስከ 65 ዓመት መሆኑ፣ ክብደትዎ ከ45 ኪሎ ግራም ያላነሰ መሆኑ ይታያል። የደም ግፊትዎ ይለካል። ጣትዎ በትንሹ ተወግቶ ሄሞግሎቢንዎ፣ ማለትም ኦክስጅን ተሸካሚው የደምዎ ቀይ ንጥረ ነገር፣ በቂ መሆኑ ይረጋገጣል።

እዚህ ላይ ከሰሜን ተራሮች አንድ የሚያስደንቅ ነገር ላካፍልዎ። በከፍታ ቦታ የሚኖር ሰው አየሩ ስስ ስለሆነበት ደሙ ይወፍራል ተብሎ ይታመን ነበር፤ በደቡብ አሜሪካ የአንዲስ ተራራ ነዋሪዎች ዘንድም የታየው ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ግን በሰሜን ተራሮች አምባራስ አካባቢ፣ 3,530 ሜትር ከፍታ ላይ የሚኖሩ ገበሬዎችን መርምሮ ሄሞግሎቢናቸው በባሕር ወለል አካባቢ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳየ። የእኛ ደገኞች ከፍታውን የለመዱት በራሳቸው መንገድ ነው። ስለዚህ «ደገኛ ስለሆንኩ ደሜ ወፍራም ነው፤ ካልቀነስኩት ያመኛል» ብሎ ደም መስጠት መሠረት የለውም። ደም የሚሰጠው ለታማሚው ሲባል ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። ከልኬቱ በኋላ በመጠይቁ ላይ ከባለሙያው ጋር ለብቻ ይነጋገራሉ። ከዚያ ደሙ ይቀዳል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ሊትር ያነሰ ነው። ከከረጢቱ ጎን ለምርመራ የሚሆን ጥቂት ደም በትንሽ ብልቃጥ ይያዛል። ከረጢቱም ብልቃጡም የሚለዩት በቁጥር ነው።

ብልቃጡ ወደ ላቦራቶሪ ይገባል፤ ከረጢቱ ደግሞ ውጤቱ እስኪመጣ ለብቻው ተለይቶ ይቆያል። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዱ የተለገሰ ደም ቢያንስ ለአራት ነገሮች እንዲመረመር ይመክራል፤ የእኛም አገር የሚመረምረው እነዚህኑ ነው፦ ኤች አይ ቪ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ፣ የጉበት ቫይረስ ሲ እና ቂጥኝ። ሦስቱ ቫይረሶች ናቸው፤ ቂጥኝ ባክቴሪያ ነው። ከአራቱ አንዱ እንኳ ከተጠረጠረ ከረጢቱ ይወገዳል፤ ወደ ማንም ደም ሥር አይገባም። ንጹሕ የሆነው ብቻ ማቀዝቀዣ ገብቶ የሚፈልገውን ሆስፒታል ይጠብቃል።

ጊዜውም አጭር ነው። ቀዩ ደም በተለመደው ከረጢት ከ2 እስከ 6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለ ቅዝቃዜ ቢቀመጥ የሚቆየው 35 ቀን ነው። ደም እንዲረጋ የሚያደርገው ፕላትሌት ደግሞ 5 ቀን ገደማ ብቻ ይቆያል። ቀዩ ደም ቢሞቅ ይበላሻል፤ በረዶ ቢሠራም ሕዋሱ ይፈነዳል። ከጎንደር እስከ ደባርቅ ባለው ብርድ፣ ከደባርቅ በታች ባለው ሙቀት ደምን በልኩ ይዞ መጓዝ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

የጎንደሩ ቁጥር

«ይህን ያህል መጠንቀቅ ለምን አስፈለገ?» ይሉ ይሆናል። መልሱ ከጎንደር ይመጣል። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2007 ደም የሰጡ 6,361 ሰዎች ውጤት ተሰብስቦ እ.ኤ.አ. በ2010 በጥናት ታትሟል። ከእነዚህ ውስጥ 607ቱ ከአራቱ ሕመሞች ቢያንስ የአንዱ ምልክት በደማቸው ተገኝቶ ነበር። በመቶኛ 9.5 ነው። በቀላል አነጋገር፣ ከ10 ከረጢት አንዱ ያህል መወገድ ነበረበት ማለት ነው።

ዝርዝሩን እንይ። ኤች አይ ቪ 3.8 በመቶ፣ የጉበት ቫይረስ ቢ 4.7 በመቶ፣ የጉበት ቫይረስ ሲ 0.7 በመቶ፣ ቂጥኝ 1.1 በመቶ ነበር። ልብ ይበሉ፤ ብዙ ሰው ከሁሉ የሚፈራው ኤች አይ ቪን ነው፤ ቁጥሩ የበለጠው ግን የጉበት ቫይረስ ቢ ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት የኤች አይ ቪ ምጣኔ እየቀነሰ መምጣቱንም ጥናቱ አሳይቷል። ይህ መልካም ዜና ነው። ያም ሆኖ ቁጥሩ የቆየ ስለሆነ የዛሬን ሁኔታ ለመንገር ሳይሆን፣ ምርመራው ባይኖር ምን ይከሰት እንደነበር ለማሳየት ይጥቀሙበት።

እነዚህ ሰዎች አልጋ ላይ የተኙ ሕመምተኞች አልነበሩም። በእግራቸው ሄደው፣ ጤነኛ ነኝ ብለው፣ ሰው ለማዳን እጃቸውን የዘረጉ ናቸው። የጉበት ቫይረስ ቢ ያለበት ሰው ለ20 እና ለ30 ዓመት ምንም ሳይሰማው ሊኖር ይችላል። ዓይን ቢጫ ሲሆን ብዙዎቻችን «የወፍ በሽታ» እንላለን፤ ዓይኑ ቢጫ ያልሆነው ግን ከሚሆነው እጅግ ይበዛል። ስለዚህ «መልኩ ያምራል፣ ደሙ ንጹሕ ነው» የሚባል ነገር የለም። ደም በመልክ አይታወቅም።

ማሽኑ የማያየው ጊዜ

አሁን ወደ ከባዱ ነገር እንግባ። ቫይረስ ወደ ሰው ሰውነት እንደገባ በዚያው ቀን በምርመራ አይታይም። መጀመሪያ ይራባል። ሰውነትም ቫይረሱን የሚከላከልበትን ፀረ እንግዳ አካል ለማምረት ጊዜ ይፈልጋል። ምርመራው የሚፈልገው ወይ የቫይረሱን ቅንጣት ወይ ይህን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ሁለቱም በበቂ መጠን እስኪገኙ ድረስ ውጤቱ «ነፃ» ሊል ይችላል። ባለሙያዎች ይህን ክፍተት «ዊንዶው ፔሬድ» ይሉታል።

ርዝመቱ እንደ ቫይረሱና እንደ ምርመራው ዓይነት ይለያያል። ለኤች አይ ቪ በዘመናዊው የደም ምርመራ ሁለት፣ ሦስት ሳምንት ያህል ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ በላዩ ሽፋን ቅንጣት እስኪታወቅ ከአንድ ወር በላይ ሊወስድ ይችላል። የጉበት ቫይረስ ሲ በፀረ እንግዳ አካል እስኪታይ ሁለት ወር ያህል ይፈጃል። ሀብታም አገሮች የቫይረሱን የዘር ቅንጣት በቀጥታ የሚፈልግ ውድ ምርመራ ጨምረው ይህን ጊዜ ወደ ቀናት አሳጥረውታል፤ ጨርሶ ያጠፋው ግን የለም።

አንድ ምሳሌ ላንሳ። አንድ ወጣት ከሦስት ሳምንት በፊት የጉበት ቫይረስ ቢ ያዘው እንበል። ዛሬ ደም ሰጠ። ላቦራቶሪው ሥራውን በትክክል ሠርቶ «ነፃ» አለ። ከረጢቱ ንጹሕ ተብሎ ማቀዝቀዣ ገባ። ከዚያ ደም እየፈሰሳት ላለች እናት ተሰጣት። እዚህ ላይ ያጠፋ ማሽን የለም፤ የሰነፈ ባለሙያም የለም። ያንን ከረጢት ሊያስቆም ይችል የነበረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ወጣቱ በመጠይቁ ፊት «በቅርቡ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሞኛል፤ ዛሬ ልለፍ» ቢል ኖሮ።

አንድ ከረጢት ደም ወደ ቀይ ደም፣ ወደ ፕላዝማና ወደ ፕላትሌት ሊከፋፈል ስለሚችል አንድ ቃል የሚነካው ሦስት ሰው ድረስ ሊሆን ይችላል።

ለጋሹ ለምን መጣ?

የደም ባንክ ሰዎች አንድ ለጋሽ ሲመጣ «ምን አመጣው?» ብለው ማሰባቸው ለወጉ አይደለም። የመጣበት ምክንያት እውነት የመናገር ነፃነቱን ይወስነዋል።

ይህን ዓለም በመራራ ዋጋ ተምሮታል። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ እስከ 1990ዎቹ መጀመሪያ በተበከለ ደምና ከደም በተሠሩ መድኃኒቶች ከ30,000 በላይ ሰዎች በኤች አይ ቪና በጉበት ቫይረስ ተይዘዋል፤ 3,000 ያህሉ ሞተዋል። ጉዳዩን ያጣራው ኮሚሽን ሪፖርቱን ያወጣው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2024 ነው። ከጥፋቱ ምንጮች አንዱ ከአሜሪካ ይመጣ የነበረ፣ ገንዘብ ተከፍሏቸው ደማቸውን ከሚሸጡ ሰዎች፣ ከእስረኞችም ጭምር የተሰበሰበ ፕላዝማ ነበር። ደሙን ለገንዘብ የሚሸጥ ሰው «አሞኝ ነበር» ካለ ገንዘቡን ያጣል። ስለዚህ ዝም ይላል።

በእኛ አገር ደም መሸጥ የተለመደ ባይሆንም እውነትን የሚያፍን ሌላ ነገር አለ፦ ይሉኝታ። ለብዙ ዓመታት ሆስፒታሎቻችን ደም ያገኙ የነበሩት በአብዛኛው ከታማሚው ዘመዶች ነው፤ «ምትክ ለጋሽ» ይባላሉ። አሠራሩን እናውቀዋለን። ታማሚው አልጋ ላይ ነው፤ ግቢው በዘመድ ተሞልቷል፤ ሽማግሌው ጣቱን ይቀስራል፦ «አንተ ጎረምሳ ነህ፣ ግባ!» ልጁ ምን ይበል? በእናቱ፣ በአጎቱ፣ በእጮኛው ፊት «ባለፈው ወር ከአንዲት ሴት ጋር ያለ ጥንቃቄ ነበርኩ» ይበል? አይልም። ይገባና ይሰጣል። በመጠይቁ ላይም «የለም፣ የለም፣ የለም» ብሎ ይሞላል። ክፉ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ መውጫ ስላልተተወለት ነው።

የደም አገልግሎቱ ወደ በጎ ፈቃደኛ ለጋሾች የዞረው ለዚህ ነው። በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤት፣ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ማንም ሳያስገድደው በገዛ ፈቃዱ የመጣ ሰው ዛሬ ባይሰጥ የሚያፍርበት ዘመድ የለም። በየሦስት ወሩ የሚመላለስ ለጋሽ ደግሞ ደሙ ደጋግሞ የተመረመረ፣ ጤናውንም የሚጠብቅ ነው። የአስቸኳይ ሰዓት ሩጫ ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም፤ የደም ባንኩ መደርደሪያ ሲሳሳ ዘመድ ይጠራል። ታዲያ ለጥንቃቄ የሚያመቸው ጊዜ ማንም ሳይታመም ነው። ለእርስዎ ዘመድ የሚሆነው ደም ዛሬ ማንነቱን በማያውቁት ሰው እየተሰጠ ነው፤ የእርስዎም ለማያውቁት ሰው ይደርሳል።

በመጠይቁ ፊት ምን ይናገሩ?

ከዚህ በታች ያለው ማንንም ለመክሰስ አይደለም። ባለሙያው ሊያውቀው የሚገባ ነገር ነው።

ባለፉት ወራት አዲስ የፍቅር ጓደኛ ካለዎት ወይም ያለ ኮንዶም ግንኙነት ከፈጸሙ ይናገሩ። የትዳር ጓደኛዎ በጉበት ቫይረስ ወይም በኤች አይ ቪ መያዙን ካወቁም እንዲሁ።

በቅርቡ ከተነቀሱ፣ ጆሮዎን ከተበሱ፣ ዋግምት ካስደረጉ ወይም ለሕክምና ተብሎ በምላጭ ከተበጡ ይናገሩ። በደጋው አካባቢ የአንገትና የድድ ንቅሳት የእናቶቻችን ጌጥ ነው፤ በከተማም ዛሬ ታቱ ፋሽን ሆኗል። ጌጡ ጥፋት የለውም፤ ጥያቄው መርፌው ለስንት ሰው አገለገለ የሚለው ነው። የጉበት ቫይረስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል። ምላጩ ላይ የሚታይ ደም ባይኖርም ቫይረሱ ሊኖር ይችላል ማለት ነው።

ከቆላ ከተመለሱም ይናገሩ። ከደባርቅና ከዳባት ገጠር ብዙ ወጣት ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ይወርዳል። ወባ ከአራቱ ምርመራዎች ውስጥ የለችም፤ በደም ግን ትተላለፋለች። በቅርቡ ወባ ይዞዎት ከነበረ ባለሙያው መቼ መስጠት እንደሚችሉ ይነግርዎታል።

በቅርቡ ቀዶ ሕክምና ካደረጉ፣ ደም ከወሰዱ፣ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ፣ ከታመሙ ወይም ጥርስዎን ካስነቀሉ ይናገሩ። ሴት አንባቢዬ ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም እያጠቡ ከሆነ ይህ የእርስዎ ተራ አይደለም፤ ደምዎ ለራስዎና ለልጅዎ ያስፈልጋል።

ሁለት ነገሮች ላይ አደራ እላለሁ። አንደኛ፣ «እግረ መንገዴን ኤች አይ ቪ እመረመራለሁ» ብለው ደም ለመስጠት አይሂዱ። ምርመራው ካስፈለገዎት የመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ፣ በምስጢር ያደርግልዎታል። የሚጠራጠር ሰው ደም ባንክ ሲሄድ፣ በዚያ በማይታየው ጊዜ ውስጥ ያለ ደም ወደ ከረጢት የመግባቱ ዕድል ይጨምራል። ሁለተኛ፣ ከሰጡ በኋላ ቤት ገብተው «ያንን ነገር ሳልናገር ቀረሁ» ካሉ፣ ወይም በማግሥቱ ትኩሳት ከያዘዎት ለደም ባንኩ ይደውሉ። ከረጢቱ በቁጥሩ ተፈልጎ ሊያዝ ይችላል። ይህን ስልክ የሚደውል ሰው አይወቀስም፤ ይመሰገናል።

ስልኩ ለእርስዎ ቢደወልስ?

ከደም ባንክ «ለምክር ይምጡ» ተብለው ቢጠሩ ብዙ ሰው የሚያደርገውን አያድርጉ፤ ስልኩን አያጥፉ። የደም ባንክ ምርመራ አንድም ብክለት እንዳያልፍ ተብሎ የተቃኘ ስለሆነ አንዳንዴ ጤነኛውንም ይጠረጥራል። የመጀመሪያው ውጤት ተጨማሪ ማረጋገጫ ያስፈልገዋል። ይሂዱና ይስሙ።

ቢረጋገጥስ? ዛሬ ለአራቱም መልስ አለ። ቂጥኝ በፔኒሲሊን ይድናል። ኤች አይ ቪ በመድኃኒት ይያዛል፤ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ሙሉ ዕድሜውን ይኖራል። የጉበት ቫይረስ ሲ እንደ እሳት የሚፈራበት ዘመን አልፏል፤ አብዛኛውን ጊዜ በ3 ወር የክኒን ሕክምና ከ95 በመቶ በላይ የሚሆኑ ሰዎች ይድናሉ። ይህን ቫይረስ ያገኙት ሦስት ሳይንቲስቶች እ.ኤ.አ. በ2020 የኖቤል ሽልማት ወስደዋል፤ የአንደኛው ሥራ የተጀመረው ደም ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው የሚታመም ሰዎችን በመከታተል ነበር።

የጉበት ቫይረስ ቢ የተረጋገጠበት ሰው ሁሉ መድኃኒት አይጀምርም፤ ሁሉም ግን ክትትል ያስፈልገዋል። ለእርስዎ ቤተሰብ ደግሞ ትልቁ ዜና ክትባት መኖሩ ነው። የትዳር ጓደኛዎና ልጆችዎ ይመርመሩ፤ ነፃ ከሆኑ ይከተቡ። በአገራችን የጉበት ቫይረስ ቢ ክትባት ለሕፃናት ከሚሰጠው መደበኛ ክትባት ጋር የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከዚያ በፊት የተወለድን አብዛኞቻችን አልተከተብንም። አዋቂም ቢሆን በሦስት ዙር መከተብ ይችላል።

ቫይረሱ በሕፃንነት ሲይዝና በአዋቂነት ሲይዝ ልዩነቱ ትልቅ ነው። በአዋቂነት ከሚያዙት አብዛኞቹ ሰውነታቸው ራሱ ያስወግደዋል። ከእናት ወደ ሕፃን ሲተላለፍ ግን ከ10 ሕፃናት 9ኙ ያህል ዕድሜ ልክ ይዘውት ይቀራሉ። አንድ አባት ደም ሰጥቶ ስለ ራሱ ያወቀው ነገር ባለቤቱን አስመርምሮ ገና ያልተወለደ ልጁን ሊያድን ይችላል የምለው ለዚህ ነው። የተወገደው ከረጢትም በከንቱ አልተቀዳም።

በቤትዎም ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ የየራስ ይሁን። አብሮ መብላት ግን አያስተላልፍም፤ ጉርሻም፣ መተቃቀፍም እንዲሁ። በደም ምርመራ የተነገረውን ሰው በትሪ መለየት ሳይንስም የማይደግፈው፣ ባህላችንም የማያውቀው ነገር ነው።

በዚህ ወር በቤትዎ

አንድ ሐሳብ ልተውልዎ። ቤተሰቡ ሲሰበሰብ፣ ቡናው ሲፈላ፣ ማንም ሳይታመም ስለ ደም ይነጋገሩ። ማን የትኛው የደም ዓይነት እንዳለው ይጠያየቁ። 18 ዓመት የሞላቸው ልጆችዎ መስጠት እንደሚችሉ ይንገሯቸው፤ ለትልቅነታቸው ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም። ሰኔ 7 የዓለም የደም ለጋሾች ቀን ነው፤ የደም ዓይነቶችን የለየው ካርል ላንድስታይነር የተወለደበት ዕለት ነው። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ላይ የሚሄድበት ቀን ሊሆን ይችላል።

በዚያው ቡና ላይ አንድ የቤት ሕግ አብረው ያውጡ፦ «በእኛ ቤት ደም የሚሰጥ ይመሰገናል፤ ዛሬ አልሰጥም ያለ ደግሞ ለምን ተብሎ አይጠየቅም።» ይህን ቃል አባት ወይም አያት ቢናገሩት ይበልጥ ይጸናል። ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ሰዓቱ ከደረሰም «የሚችል ይስጥ፤ ሐኪሙ አትችልም ያለውን ማንም አይጠይቀው» ይበሉ። ልጁም ከመጠይቁ ክፍል ወጥቶ «ሐኪሙ ዛሬ አይሆንም አለኝ» ቢል በቂ ነው፤ ስለ ሄሞግሎቢኑ ይሁን ስለ ሌላ ጉዳይ የማወቅ መብት ያለው እሱና ባለሙያው ብቻ ናቸው።

ሊማሊሞን ሽቅብ ወጥታ ደባርቅ የምትደርስ እናት የሰጠላትን ሰው ስም አታውቅም፤ የሚያስፈልጋት ከረጢቱ በጊዜ መድረሱና በውስጡ ያለው ደም በእውነት የተሰጠ መሆኑ ነው። ጤነኛ ከሆኑና ሦስት ወር ካለፈዎት፣ በዚህ ሳምንት በአቅራቢያዎ ወዳለው የደም ባንክ ጎራ ይበሉ። ከመሄድዎ በፊት ጥሩ ቁርስ ይብሉ፣ ውኃ ይጠጡ፣ መጠይቁንም ሳይቸኩሉ ይሙሉ።

በሚቀጥለው ወር እስክንገናኝ ቸር ይግጠመን።